ያልተወረወረችው ቢጫ ጨርቅ

በእኛ ቋንቋ ችሎት ላይ የሚሰየመውም ዳኛ ነው፤ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሜዳ ለሜዳ የሚሮጠውም ዳኛ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ለየቅል ስም ሰጥቷቸዋል። መቼም የእኛ ስያሜ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ሁለቱም ፍርድ ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ። የችሎቱ ዳኛ ሲሳሳት ግን ይግባኝ አለ፣ መዝገቡ ተመልሶ ይገለጣል። የሜዳው ዳኛ ሲሳሳትስ? ይህን ጥያቄ አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ ኳስ አዋቂነቴ አይደለም፤ የአንድ ልጅ እንባ ነው።

ዕለቱ ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእኛ የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፣ ከአጎቴ ልጅ ቤት፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ትልልቆቹ ስለ አገር ቤት ጨዋታ ይዘናል። የቤቱ የበኩር ልጅ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ጎረምሳ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ ሳለ በድንገት ብድግ ብሎ ጮኸ። «ጋሼ፣ አየኸው አይደል? አየኸው?» አለኝ። እኔ ያየሁት ነገር አልነበረም። ምስሉ ግን ተመልሶ ታየ፤ ደግሞም ተመለሰ፤ በሦስተኛው እኔም አየሁት።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እግር የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ኳሱ በሁለት ጫፉ የሾለ ነው፤ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው 100 ያርድ በሚረዝም ሜዳ ላይ ይጋፉበታል። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ አለው። በአራቱ ሙከራ ውስጥ 10 ያርድ ከገፋ ሌላ አራት ይጨመርለታል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ዳር አሻግሮ ከገባ ስድስት ነጥብ፣ በእግሩ መትቶ በቋሚዎቹ መሐል ካሳለፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠሩ ሰባት ዳኞች አሉ። ጥፋት ያየ ዳኛ ከወገቡ ቢጫ ጨርቅ መዝዞ መሬት ላይ ይጥላል፤ ጨርቅ ከወደቀ ቅጣት አለ፤ ካልወደቀ ምንም አልተፈጸመም ማለት ነው። ቢፈጸምም።

የዚያን ዕለት የተጋጠሙት የኒው ኦርሊንሱ ሴይንትስና የሎስ አንጀለሱ ራምስ ናቸው። ያሸነፈው ወደ መጨረሻው የዋንጫ ግጥሚያ፣ ወደ ሱፐር ቦውል ያልፋል። 20 ለ 20 ናቸው፤ ሁለት ደቂቃ አልቀረም። የኒው ኦርሊንሱ ኳርተርባክ ድሩ ብሪስ ኳሱን በቀኝ መስመር ለሚሮጠው ለቶሚሊ ሉዊስ ወረወረለት። ኳሱ አየር ላይ እንዳለ የራምሱ ተከላካይ ኒኬል ሮቢ ኮልማን መጥቶ ተቀባዩን በትከሻና በራስ ቁሩ ገጭቶ ጣለው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ኳስ ሳይደርስ ተቀባይን መምታት አይፈቀድም። ሕዝቡ አየ፤ አሠልጣኙ ሾን ፔይተን አየና መስመር ዳር እየዘለለ ጮኸ። ጨርቅ ግን አልወደቀም።

ቢወድቅ ኖሮ ኒው ኦርሊንሶች ጎሉ ደጃፍ ላይ አራት ሙከራ አግኝተው፣ ሰዓቱን በልተው፣ በመጨረሻ በቅርብ ምት ሦስት ነጥብ ወስደው ይወጡ ነበር ማለት ይቻላል። ያገኙት ሦስት ነጥብ ቶሎ መጣ፤ ለራምስ ጊዜ ተረፈው። ራምስ 23 ለ 23 አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ግሬግ ዙርላይን ከ57 ያርድ መትቶ 26 ለ 23 አሸነፈ። ራሱ ሮቢ ኮልማን እዚያው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቀድሞ መድረሱን ለጋዜጠኞች አልደበቀም። ሊጉም 26,739 ዶላር ቀጣው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሜዳ ላይ ጥፋት ያልነበረው ግጭት፣ ቢሮ ሲደርስ መቀጮ የሚያስከፍል ጥፋት ሆነ።

ልጁ አለቀሰ። የኒው ኦርሊንስ ደጋፊ የሆነው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከተማዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። እናቱ «ኳስ ነው እኮ፣ ምን ሆነሃል!» ብላ ልትገሥጸው ጀምራ ተወችው። እኔ ግን «ኳስ ነው እኮ» ማለት ከበደኝ። ልጁ ያለቀሰው ስለ ሽንፈት አልመሰለኝም። ሁሉም አይቶ ሲያበቃ እንዳልታየ መቆጠሩ ነው ያንገበገበው።

የኒው ኦርሊንስ ሰው ነገሩን እንደ ዋዛ አልተወውም። የሉዊዚያና አገረ ገዥ ለሊጉ አለቃ ለሮጀር ጉዴል ደብዳቤ ጻፉ። ሱፐር ቦውሉ በተደረገ ማግስት የከተማዋ ጋዜጣ ታይምስ ፒካዩን የፊት ገጹን ባዶ ነጭ ወረቀት አድርጎ፣ መሐሉ ላይ የትኛው ሱፐር ቦውል ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር ብቻ ጣል አድርጎ ወጣ። ፍርድ ቤት የሄዱም ነበሩ። የሊጉ የሕግ መጽሐፍ እጅግ የወጣ ግፍ ሲፈጸም ጨዋታ እስከ ማስደገም የሚያደርስ ሥልጣን ለሊጉ አለቃ ይሰጣል፤ ከሳሾቹ የተንጠለጠሉት በዚያች አንቀጽ ነው። ይኸው አንቀጽ ግን የዳኛ የዕይታ ስሕተት በዚህ እንደማይታይ አብሮ ይናገራል። በሴፕቴምበር 2019 የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ክስ ዘጋው። እንግዲህ የችሎቱ ዳኛ «የሜዳው ዳኛ ነገር አያገባኝም» አለ ማለት ነው። ስማቸው በእኛ ቋንቋ አንድ ቢሆንም።

እኔም ከዚያን ዕለት በኋላ የዚህን ጨዋታ የዳኝነት ታሪክ መከታተል ጀመርኩ። በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ ሌሊቱ ረዥም ነው፤ የሚነበብ ነገር ያሻል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞት ነው። በ1905 ዓ.ም. የጨዋታ ወቅት ጋዜጦች 18 እና 19 የሞቱ ተጫዋቾች ቆጥረው ነበር፤ አብዛኞቹ የተማሪ ቤት ልጆች። ያኔ ኳስን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ስለነበር ሁለቱ ቡድኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ግንብ እየተላተሙ፣ ከክምሩ ሥር ቡጢና ርግጫ ይቀምሱ ነበር። ዳኛው ከክምሩ ሥር የሚሆነውን አያይም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጨዋታውን የሚወዱ፣ ልጃቸውም በሃርቫርድ የሚጫወት ሰው ስለነበሩ፣ ኦክቶበር 9 ቀን የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያጸዱ መከሯቸው። በተከታዩ ዓመት ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፣ የሚገፋው ርቀት ከ5 ወደ 10 ያርድ ከፍ አለ፣ ሁለቱ ወገኖች ከመነሣታቸው በፊት የሚለያያቸው ክፍት ቦታ ተበጀ። በዚህ ጨዋታ ጥብቅ ዳኝነት የመጣው ከሬሳ በኋላ ነው። ዛሬ በየጥቃቅኑ ጨርቅ ሲወድቅ «ጨዋታውን ገደሉት!» ብለው የሚያማርሩ ተመልካቾች ይህችን ታሪክ ቢያስታውሷት መልካም ነበር።

የጨርቋ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ዳኞች ጥፋት ሲያዩ መለከት ይነፉ ነበር። ሕዝቡ ሲጮህ መለከቱ አይሰማም፤ ተጫዋቹ ሮጦ ገብቶ ጨፍሮ ሲያበቃ «ተመለስ» ይባላል። በኦሃዮ የያንግስታውን ኮሌጅ አሠልጣኝ የነበረው ድዋይት ቢዲ ይህ ሰለቸውና ባለቤቱን አይርማን «ጨርቅ ስፊልኝ» አላት። እሷም ቀዩን ከአሮጌ የልጅ ልብስ፣ ነጩን ከአንሶላ ቀድዳ፣ ሲወረወር ርቆ እንዲሄድ ጫፉ ላይ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ አሥራ ሰፋችለት። በኦክቶበር 1941 ያንግስታውን ከኦክላሆማ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሲጋጠም ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ዋለች። የባለሙያዎቹ ሊግ በ1948 ተቀበላት፤ ከ1965 ጀምሮ ቢጫ ሆነች። እስታዲየም ሙሉ ሕዝብ የሚያስቆጣው ጨርቅ የተሰፋው በአንዲት የቤት እመቤት መርፌ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ጨርቋ ከመሰፋቷ አንድ ዓመት በፊት የሆነው ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1940። ከሁለት ዓመት በላይ ሽንፈት ያልቀመሰው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በኒው ሃምፕሺር ሃኖቨር ከዳርትማውዝ ጋር ይጋጠማል። ዳርትማውዝ የተናቀ ቡድን ነው፤ ግን 3 ለ 0 እየመራ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኮርኔል ጎሉ ደጃፍ ደረሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሙከራ፤ አልገባም። መሐል ላይ ኮርኔል ከተፈቀደለት በላይ ዕረፍት በመጠየቁ ተቀጥቶ ወደ ኋላ ተገፋ። በአራተኛው ሙከራ ኳሷ ተወረወረች፤ መሬት ወደቀች። አለቀ፤ ኳሱ የዳርትማውዝ ነው። ነገር ግን ሬድ ፍሪሴል የሚባለው የመሐል ዳኛ፣ በዘመኑ ከተከበሩት አንዱ፣ በቅጣቱ ምክንያት ቁጥሩ ተምታታበትና ኳሱን መልሶ ለኮርኔል ሰጠ። በአምስተኛው ሙከራ ኮርኔል ገባ። 7 ለ 3። ሕዝቡ ተበተነ፤ ጋዜጦቹ ኮርኔል አሸነፈ ብለው ጻፉ።

ያኔ ቴሌቪዥን የለም። ፊልም ግን ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ፍሪሴል ሳያመነታ ስሕተቱ የእኔ ነው ብሎ ለበላዮቹ አስታወቀ። የምሥራቁ ኮሌጆች የዳኝነት ኃላፊ የነበሩት ኤሳ ቡሽኔል ግን ያለቀን ጨዋታ ውጤት የመለወጥ ሥልጣን የለኝም አሉ። ሕጉ እዚያ ላይ ቆመ። ኮርኔል በዚያው ዝም ቢል አንድም ሰው አንገቱን ሊያስደፋው አይችልም ነበር። ዝም አላለም፤ ድሉን ትቼዋለሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ቴሌግራም ለዳርትማውዝ ላከ። ውጤቱ 3 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ፤ ዛሬም መዝገቡ ላይ እንደዚያው ነው። የማይሸነፈው ቡድን በገዛ እጁ ተሸናፊ ሆነ፤ በሳምንቱ ደግሞ በፔንሲልቫኒያ ተሸነፈ። ደግነት ሁልጊዜ ወዲያው አይከፈልም።

ይህን ሳነብ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ታሪኩ ራሱን እንደደገመ አላውቅም ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1990 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በሚዙሪ ሜዳ 31 ለ 27 እየተመራ ጎሉ ደጃፍ ደረሰ። ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ዕረፍት ሲጠየቅ የሙከራውን ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳ ሳይገለበጥ ቀረ። ሰባት ዳኞች፣ ሁለት ቡድን፣ እስታዲየም ሙሉ ሕዝብ፤ አንድ ሰሌዳ ሁሉንም አሳሳተ። ኮሎራዶ ጭራሽ አራተኛውን ሙከራ ሆን ብሎ ኳሱን መሬት መትቶ ጣለው፤ ሦስተኛ መስሎት ሰዓት ሊያቆምበት። በአምስተኛው ገባና 33 ለ 31 አሸነፈ። ዳኞቹ ታገዱ፤ ውጤቱ ግን አልተነካም። አሠልጣኙ ቢል ማካርትኒ፣ እሱ ራሱ በወጣትነቱ ለሚዙሪ የተጫወተ ሰው፣ ድሉን ልመልስ አላለም፤ የሜዳውን አንሸራታችነት ነበር የሚያማርረው። ኮሎራዶ በዚያ ዓመት በጋዜጠኞች ድምፅ የአገሪቱ አንደኛ ተባለ።

በሁለቱ መካከል ምን ተለወጠ? ሰው ከፋ ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እኔ ግን እንዲያ አልልም። ኮርኔል የመለሰው የአንድ ከሰዓት ድል ነው። ኮሎራዶ ቢመልስ ኖሮ የሚመልሰው ብዙ ገንዘብና የአገር አንደኝነት ነበር። ያም ሆኖ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለልጁ የነገርኩት የኮርኔሉን ነው። የኮሎራዶውን ዘልዬዋለሁ።

ሊጎቹ ለዳኛ ስሕተት ያገኙት መድኃኒት ካሜራ ነው። የባለሙያዎቹ ሊግ በ1986 ምስል መልሶ ማየት ጀመረ፤ ጨዋታ ያጓትታል ተብሎ ከ1991 በኋላ ቀረ። በዲሴምበር 1998 ግን የኒው ዮርክ ጄትስ ኳርተርባክ ቪኒ ቴስታቨርዲ ወደ ጎሉ ሲወረወር የተሻገረው ራሱ ብቻ ሆኖ ሳለ ዳኛው ኳሱ ገብቷል አለ፤ የራስ ቁሩን ኳስ መስሎት ይሆናል ተባለ። ጄትስ 32 ለ 31 አሸነፈ። ሲያትል አለቀሰች፤ በ1999 ካሜራው ተመለሰ።

ካሜራ ግን ዓይንን ይረዳል እንጂ ሕግን አያቃናም። በጃንዋሪ 2002 በረዶ ሲዘንብ የኦክላንዱ ቻርልስ ዉድሰን ቶም ብሬዲን መትቶ ኳሱን አስጣለው። ኦክላንድ 13 ለ 10 ይመራል፤ ኳሱንም አንሥቷል፤ ጨዋታው አልቋል ማለት ነው። ዳኛው ዋልት ኮልማን ምስሉን አይቶ ሲመለስ የብሬዲ እጅ ወደ ፊት ተወርውሮ ወደ ደረቱ ሲመለስ ስለነበር በሕጉ እንደ ውርወራ ይቆጠራል አለ። አገር ሁሉ ሳቀበት። ሕጉ ግን፣ በ1999 የወጣው ሕግ፣ በእርግጥ እንደዚያ ነበር የሚለው። ኮልማን አንዲት ፊደል አላጣመመም። ብሬዲ በዚያ ዳነ፤ ቡድኑ 16 ለ 13 አሸንፎ የዚያን ዓመት ሱፐር ቦውል ወሰደ። ያቺ አንቀጽ በ2013 ተሠረዘች።

ስለ ዳኞቹ ራሳቸው ጥቂት ሳልል ባልፍ ግፍ ነው። አብዛኞቹ በሳምንቱ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጠበቃ፣ መምህር፣ ነጋዴ። በ1965 የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነው በርል ቶለር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አስተማሪ፣ በኋላም ዲሬክተር ነበር። ተጫዋች ሳለ በ1951 የዩኒቨርሲቲው ቡድን አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዓመቱን ቢጨርስም ለክብር ግጥሚያ ለመጋበዝ እሱንና ሌላውን ጥቁር ጓደኛውን ኦሊ ማትሰንን ትቶ መምጣት ነበረበት። ቡድኑ «ያለ እነሱ አንሄድም» ብሎ ቀረ። ሚዛን የሳተ ፍርድ ምን እንደሆነ ከሕግ መጽሐፍ መማር ያላስፈለገው ሰው ነው እንግዲህ ፊሽካ የያዘው። በ1980 ሱፐር ቦውልን ከዳኙት አንዱ ሆነ፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው።

ዳኛን የሚረግም ሕዝብ ዳኛ ሲያጣ ምን እንደሚሆን በ2012 ታየ። ሊጉ ከዳኞቹ ጋር በደመወዝና በጡረታ ተጣልቶ በሩን ዘጋባቸውና ከትንንሽ ሜዳዎች ተተኪዎች ሰበሰበ። ሴፕቴምበር 24 ቀን በሲያትልና በግሪን ቤይ ጨዋታ የመጨረሻ ቅጽበት ኳሱ አየር ላይ ተወርውሮ ሁለት ተጫዋቾች ተያይዘው ወደቁ። አጠገባቸው ከደረሱት ሁለት ዳኞች አንዱ ጎል ነው ብሎ ሁለቱን እጁን ሰቀለ፤ ሌላው ጨዋታው ቆሟል ብሎ እጁን አወናጨፈ። ያ ፎቶግራፍ አገር ያዳረሰ ነው። ሲያትል 14 ለ 12 አሸነፈ ተባለ። በሁለት ቀን ውስጥ ስምምነት ተፈረመ፤ ሴፕቴምበር 27 ነባሮቹ ዳኞች ባልቲሞር ሜዳ ሲገቡ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበላቸው። የጭብጨባው ዕድሜ እስከ መጀመሪያው ጨርቅ ድረስ ነበር።

ወደ ኒው ኦርሊንስ ልመለስ። በማርች 2019 የቡድኖቹ ባለቤቶች 31 ለ 1 ድምፅ ሰጥተው ተቀባይን የማደናቀፍ ጥፋት፣ ያልተቀጣውም ጭምር፣ በካሜራ እንዲታይ ለአንድ ዓመት ሙከራ ወሰኑ። ዓመቱ የግራ መጋባት ዓመት ሆነ። ምስሉ ቀስ ብሎ ሲታይ በየጨዋታው እጅ እጅን ይነካል፣ ጣት ማሊያ ይይዛል፤ የትኛው ጥፋት የትኛው መተሻሸት እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። በ2020 ሕጉን አላደሱትም። አንዲት ያልተወረወረች ጨርቅ ወለደችው፤ እንደ ተወለደም ሞተ።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ሌላ ሱፐር ቦውል አብረን አየን፤ ካንሳስ ሲቲ ከፊላዴልፊያ። 35 ለ 35፤ አሁንም ሁለት ደቂቃ አልቀረም። በዚህኛው ጊዜ ጨርቅ ወደቀች። የፊላዴልፊያው ጄምስ ብራድበሪ ተቀባዩን ይዟል ተባለ። ካንሳስ ሲቲ ሰዓቱን በልቶ በመጨረሻ በሦስት ነጥብ 38 ለ 35 አሸነፈ። ወዲያው ጩኸቱ ተነሣ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ለእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ጨርቅ ይጣላል? ዳኛ ተጫዋቾች ይጨርሱት ብሎ መተው የለበትም? በ2019 «እንዴት ዝም ይላል!» ያለው አገር በ2023 «ምናለ ዝም ቢል!» አለ። እኔም ብሆን፣ አልደብቅም፣ ጨርቋ ስትወድቅ መጀመሪያ ያልኩት «አይ፣ ምነው!» ነው።

ከጨዋታው በኋላ ብራድበሪ ማሊያውን መጎተቱን፣ ያልፉኛል ብሎም ተስፋ ማድረጉን ራሱ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ልጁ ዜናውን በስልኩ አነበበልኝ። ከዚያ ምስሉን ከፍቶ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መለሰው። የብራድበሪ ጣቶች ጨርቁን ይዘው ሲለቁ ይታያሉ፤ የዓይን ጥቅሻ ያህል።

«ይታያል፣ ጋሼ» አለኝ።

«ይታያል» አልኩት።

ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ሲኒዎቹን ለእናቱ ሰብስቦ ወደ ማድ ቤት ገባ።